የሳን አንቶኒዮ ስፐርስ የፊት መስመር፦ በአዲሱ የውድድር ዘመን ዌምባንያማን ማን ያግዘዋል?

የሰሜን አሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ የ2025–26 የውድድር ዘመን ሊጀመር የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው። በዚህ የውድድር ዘመን የብዙ ተመልካቾች ዓይን ከሚያርፍባቸው ቡድኖች አንዱ በቴክሳስ ግዛት የሚገኘው ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ነው። ቡድኑ ባለፈው ዓመት ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች ያሸነፈው 34ቱን ብቻ ሲሆን፣ ለስድስት ተከታታይ የውድድር ዘመናት ወደ ጥሎ ማለፉ ምዕራፍ መግባት አልቻለም።

ይህም ሆኖ ቡድኑ ላይ የተጣለው ተስፋ ከፍተኛ ነው። ምክንያቱ የ21 ዓመቱ ፈረንሳዊ ቪክቶር ዌምባንያማ ወደ ሜዳ መመለሱ ነው። ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ይህ ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በቀኝ ትከሻው ላይ የደም መርጋት ተገኝቶበት የውድድር ዘመኑን ሳይጨርስ ከሜዳ መራቁ ይታወሳል። ሕክምናውን አጠናቆ ባለፈው ሐምሌ ወር እንዲጫወት ተፈቅዶለታል።

ስለ ዌምባንያማ ችሎታ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ብዙ ይባላል። የስፐርስን የዘንድሮ ዕጣ የሚወስነው ጥያቄ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ዌምባንያማ በተቀመጠባቸው፣ በደከመባቸው ወይም በታመመባቸው ደቂቃዎች በቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ማን ነው? ክለቡ ባለፈው ክረምት የወሰዳቸው እርምጃዎች በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የታለሙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ መልሱ ምን ያህል በቂ እንደሆነ ያብራራል።

የፊት መስመር ሲባል

በቅርጫት ኳስ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጊዜ አምስት ተጫዋቾችን ያሰልፋል። ከእነዚህ መካከል ኳስ የሚያንቀሳቅሱትና ጨዋታውን የሚያቀናብሩት ሁለቱ ጋርዶች የኋላ መስመር ይባላሉ። ሁለቱ ፎርዋርዶችና ሴንተሩ ደግሞ የፊት መስመርን ይመሠርታሉ። ሴንተሩ አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ ረጅሙ ሰው ሲሆን፣ ዋና ሥራው ቅርጫቱን መጠበቅ፣ የተጋጣሚን ሙከራ ማክሸፍና ስተው የሚነጥሩ ኳሶችን መሰብሰብ ነው። እነዚህ ኳሶች ሪባውንድ ይባላሉ። በማጥቃት ጊዜ ደግሞ የተከላካዮችን መንገድ በአካሉ እየዘጋ ለጓደኞቹ ክፍተት ይከፍታል።

ስፐርስ በኋላ መስመሩ በኩል የሚያሳስበው ነገር ብዙ አይደለም። ባለፈው ዓመት የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ስቴፎን ካስል፣ በዓመቱ አጋማሽ ከሳክራሜንቶ የመጣው ፈጣኑ ዲ አሮን ፎክስ፣ እንዲሁም በ2025 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠው ዲላን ሃርፐር በዚህ መስመር ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ኳስ ይዘው ወደ ቅርጫቱ ዘልቀው መግባት የሚወዱ ናቸው። በመሆኑም ከፊታቸው መንገድ የሚከፍትላቸው፣ ከኋላቸው ደግሞ ስህተታቸውን የሚሸፍንላቸው የፊት መስመር ያስፈልጋቸዋል።

ያለፈው ዓመት ሂሳብ

የችግሩን ስፋት ለመረዳት ቀላል ሂሳብ ማስላት ይበቃል። አንድ የኤንቢኤ ጨዋታ 48 ደቂቃ ይፈጃል። በመደበኛው ውድድር 82 ጨዋታዎች ስላሉ፣ ተጨማሪ ሰዓት ሳይቆጠር፣ የሴንተሩ ቦታ በዓመት 3,936 ደቂቃ ሰው ይፈልጋል ማለት ነው።

ዌምባንያማ ባለፈው ዓመት የተሰለፈው በ46 ጨዋታዎች ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ በአማካይ 33 ደቂቃ ያህል ተጫውቷል። ይህ ሲባዛ 1,500 ደቂቃን ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ከጠቅላላው ሰዓት ከመቶ አርባ እጁ እንኳ አይሞላም። በቀሩት 2,400 ደቂቃዎች ቡድኑ ቅርጫቱን ለሌሎች ሰዎች አደራ መስጠት ግድ ሆኖበታል።

እነዚያ ሌሎች ሰዎች እነማን ነበሩ? ዓመቱ ሲጀመር ዋናው ተጠባባቂ ዛክ ኮሊንስ ነበር። ኮሊንስ ግን ፎክስን ለማምጣት በተደረገው ልውውጥ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ወደ ቺካጎ ተላልፎ ተሰጠ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የዌምባንያማ ሕመም ተሰማ። ቡድኑ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ዋና ዋና ሴንተሮቹን አጣ። ናይጄሪያዊው ቻርልስ ባሲ፣ ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ የተቀጠረው ኮንጓዊው ቢስማክ ቢዮምቦና ጆርጂያዊው ሳንድሮ ማሙኬላሽቪሊ ክፍተቱን ለመሙላት የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል። ማሙኬላሽቪሊ በአንድ ምሽት ኒው ዮርክ ላይ በ19 ደቂቃ ውስጥ 34 ነጥብ እስከ ማስቆጠር ደርሷል። ይሁን እንጂ የአንድ ምሽት ድምቀት የአንድ ዓመት ግድግዳ ሊሆን አይችልም።

አሁን ሂሳቡን ወደ ፊት እናዙረው። ዌምባንያማ በዘንድሮው ውድድር በ75 ጨዋታዎች ላይ በአማካይ 33 ደቂቃ ይጫወታል ብለን እንገምት። ይህ በጣም መልካም ግምት ነው። በዚህ መልካም ግምት እንኳ ቡድኑ ያለ እሱ የሚያሳልፈው 1,460 ያህል ደቂቃ ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው ሴንተር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሰው ብቻ አይደለም። ሁሉም ነገር በሰላም በሚሄድበት ዓመትም የሥራውን ከሲሶ በላይ የሚሸከም ሰው ነው።

የጤናው ጉዳይ

በዌምባንያማ ላይ የደረሰው የጥልቅ ደም መላሽ ሥር የደም መርጋት ይባላል። ደም ወደ ልብ በሚመለስበት የደም ሥር ውስጥ ረግቶ መንገዱን ሲዘጋ የሚከሰት ሕመም ነው። ዋናው አደጋ የረጋው ደም ተሰብሮ ወደ ሳንባ መጓዙ ነው። ለዚህም ሐኪሞች የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያዝዛሉ። መድኃኒቱ ግን በባሕርዩ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፣ ወድቆ መነሣትና መጋጨት በበዛበት ስፖርት ላይ ያለ ሰው ሊቆም የማያዳግት የውስጥ መድማት ሊደርስበት ይችላል ተብሎ ይሰጋል። አንድ ተጫዋች መድኃኒቱን እየወሰደ እንዳይጫወት የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሊጉ ታሪክ ሁለት የተለያዩ ምሳሌዎች ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው የማያሚው ክሪስ ቦሽ ነው። በ2015 ሳንባው ውስጥ የደም መርጋት ተገኝቶበት ካገገመ በኋላ በ2016 ሕመሙ ተመለሰበት፤ ከዚያ ወዲያ በኤንቢኤ ሜዳ አልታየም። ሁለተኛው ብራንደን ኢንግራም ነው። በማርች 2019 በቀኝ ክንዱ ላይ ተመሳሳይ ችግር ተገኝቶበት ሕክምና ተደረገለት፤ በቀጣዩ ዓመት ለኒው ኦርሊንስ ተሰልፎ በሊጉ የከዋክብት ጨዋታ ላይ ከመካፈሉም በላይ ከፍተኛ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል።

የዌምባንያማ ሁኔታ ያለበት ቦታ ሲታይ ከቦሽ ይልቅ ወደ ኢንግራም ያደላል። በክንድና በትከሻ አካባቢ የሚከሰት የደም መርጋት፣ የደም ሥሩ በአጥንትና በጡንቻ መካከል በመጨቆኑ የሚመጣ የአንድ ቦታ ችግር ሊሆን እንደሚችል በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ወደ ሜዳ እንዲመለስ መፈቀዱም አበረታች ነው። ይሁንና ክለቡ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የቡድኑን መጪ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው አካል ላይ ማሳረፍ ለቡድኑም ለሰውየውም አይበጅም። ረዳት የሌለው ሰው ሲደክመው አርፎ አይቀመጥም፤ ሲያመውም ቶሎ ለመመለስ ይቸኩላል።

ደንቡም በዚህ ላይ ጫና ይጨምራል። ሊጉ ከ2023–24 ጀምሮ ለዋና ዋና ሽልማቶች የሚታጭ ተጫዋች ቢያንስ በ65 ጨዋታዎች እንዲሰለፍ ይጠይቃል። ዌምባንያማ ባለፈው ዓመት በጨዋታ በአማካይ 3.8 ሙከራዎችን በማክሸፍ ሊጉን ቢመራም፣ 46 ጨዋታ ብቻ በመጫወቱ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማት ከእጁ ወጥቶ ለክሊቭላንዱ ኢቫን ሞብሊ ተሰጥቷል።

ክረምቱ ይዞ የመጣው

ክለቡ ባለፈው ክረምት በፊት መስመሩ ላይ ሦስት ሰዎችን ጨምሯል።

ዋናው ሉክ ኮርኔት ነው። የ30 ዓመቱ አሜሪካዊ ሴንተር ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ሲሆን፣ በ2024 ከቦስተን ጋር የሊጉን ዋንጫ አንሥቷል። ስፐርስ ያስፈረመው በአራት ዓመት የ41 ሚሊዮን ዶላር ውል ነው። ባለፈው ዓመት በ73 ጨዋታዎች በአማካይ 6 ነጥብና 5.3 ሪባውንድ አስመዝግቧል። ቁጥሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮርኔት የሚመዘነው በነጥብ አይደለም። ለጓደኞቹ መንገድ ይከፍታል፤ ቡድኑ የሳተውን ኳስ በረጅም ክንዱ ነክቶ ወደ ጓደኞቹ ይመልሳል፤ ከቅርጫቱም ብዙ አይርቅም። ባለፈው ሜይ ወር ቦስተን ዋናውን ኮከቡን ጄሰን ቴተምን በጉዳት ባጣ ማግስት፣ በጥሎ ማለፉ ጨዋታ ኒው ዮርክ ላይ ሰባት ሙከራዎችን ማክሸፉ የሚታወስ ነው።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል ወደ ሠራነው ሂሳብ እንመለስ። ኮርኔት ባለፈው ዓመት በቦስተን የተጫወተው 1,360 ያህል ደቂቃ ነው። ስፐርስ በመልካሙ ግምት የሚያስፈልገው ደግሞ 1,460 ያህል ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መቀራረባቸው፣ ክለቡ የመረጠው ሰው የቦታው ልክ መሆኑን ያሳያል። ኮርኔት የሚጠየቀው ከዚህ በፊት ያልሠራውን ሥራ አይደለም። የለመደውን ሥራ በሌላ ከተማ እንዲደግም ነው።

ሁለተኛው ከዋሽንግተን በልውውጥ የመጣው የ34 ዓመቱ ካናዳዊ ኬሊ ኦሊኒክ ነው። ኦሊኒክ ፈጣን ተከላካይ አይደለም፤ ቅርጫቱንም እንደ ኮርኔት አይጠብቅም። በአንጻሩ ኳስ አሳላፊነቱና ከሩቅ የመወርወር ችሎታው ለረጅም ሰው ያልተለመደ ነው። ጨዋታ ሲጠጥርና ተጋጣሚ በቅርጫቱ ዙሪያ ሲከማች፣ ተከላካዮችን ወደ ውጭ ለመሳብ ይጠቅማል።

ሦስተኛው በዘንድሮው ምርጫ 14ኛ ሆኖ የተመረጠው የ19 ዓመቱ ካርተር ብራያንት ነው። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው ከተጠባባቂነት እየተነሣ የተጫወተ ፎርዋርድ ነው። በአካሉ ጠንካራ፣ በመከላከልም ቀልጣፋ ነው። ለዚህ ዓመት ከእሱ ብዙ መጠበቅ ግን ሳይበስል መቅጠፍ ይሆናል።

የፎርዋርዱ ቦታ

ከሴንተሩ ጎን የሚሰለፈው ሰው ጉዳይ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በዚህ ቦታ ላይ የሚፎካከሩት ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚለያዩ ናቸው።

የ33 ዓመቱ ሃሪሰን ባርንስ የቡድኑ ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል። በ2015 ከጎልደን ስቴት ጋር ሻምፒዮን የሆነው ባርንስ ባለፈው ዓመት 82ቱንም ጨዋታዎች ተሰልፎ፣ ከሞከራቸው ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎች ከመቶ 43 በላይ አስቆጥሯል። ቅርጫቱ ሥር ያለው ሴንተር እንዲተነፍስ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ወርዋሪ ነው፤ ተከላካዩ እሱን ትቶ ወደ መሐል መሮጥ አይችልምና። ጉድለቱ ሪባውንድ ላይ ብዙ አለመሳተፉና ዕድሜው ነው።

የ22 ዓመቱ ፖላንዳዊ ጄረሚ ሶሃን የባርንስ ተቃራኒ ነው። በመከላከል ከጋርድ እስከ ሴንተር ማንንም ለመያዝ አይፈራም። ባለፈው ዓመት በአማካይ 11.4 ነጥብና 6.5 ሪባውንድ አስመዝግቧል። ነገር ግን ከሩቅ የሚወረውራቸው ኳሶች ከሦስት አንዱ እንኳ አይገቡለትም። በመሆኑም ተጋጣሚዎች እሱን እየተዉ በዌምባንያማ ላይ ይደርባሉ። በአውሮፓ ሻምፒዮና ለአገሩ እንዳይሰለፍ ያደረገው የባት ጉዳትም ዝግጅቱን አጓድሎበታል።

ከእነዚህ ሌላ ጉልበተኛው ኬልደን ጆንሰንና ከሩቅ የሚወረውረው ጁሊያን ሻምፓኒ አሉ። ሁለቱም ጠቃሚ ቢሆኑም ቁመታቸው ከትላልቅ ፎርዋርዶች ጋር ለመታገል አይበቃም። ባጭሩ ስፐርስ የሚወረውር ፎርዋርድ አለው፤ የሚከላከል ፎርዋርድም አለው። ሁለቱን በአንድ አካል የያዘ፣ በቁመቱም ረጅም የሆነ ፎርዋርድ ግን ገና አላገኘም። የባርንስም፣ የሶሃንም፣ የኦሊኒክም ውል የሚያበቃው በ2026 ክረምት በመሆኑ፣ ይህ ዓመት ለክለቡ የመምረጫ ዓመት ጭምር ነው።

ሁለት ረጃጅሞች በአንድ ላይ

ከዚህ ተነሥቶ የሚመጣው ጥያቄ፣ ዌምባንያማና ኮርኔት በአንድ ጊዜ ሊሰለፉ ይችላሉ ወይ የሚል ነው። ስፐርስ ይህን ከዚህ በፊት ሞክሮታል። ዌምባንያማ በ2023 ወደ ሊጉ ሲመጣ በፎርዋርድነት፣ ኮሊንስ ደግሞ በሴንተርነት እንዲሰለፉ ተደርጎ ነበር። ሙከራው አልሠመረም፤ በዲሴምበር ወር ዌምባንያማ ወደ ሴንተርነት ከተዛወረ በኋላ ጨዋታው ተሻሻለ። ዓመቱ ሲያልቅም በሙሉ ድምፅ ምርጥ ጀማሪ ተጫዋች ተባለ።

ታዲያ ያኔ ያልሠራው አሁን እንዴት ይሠራል? ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዌምባንያማ ያኔ የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ ዛሬ ግን ከቅርጫቱ ርቆም ጨዋታ መሥራት ይችላል። ሁለተኛ፣ ሊጉ ራሱ ተለውጧል። ሁለት ረጃጅም ሰዎችን በአንድነት ማሰለፍ ለዓመታት እንደ አሮጌ ልማድ ሲታይ ቆይቶ አሁን ተመልሶ መጥቷል። ባለፈው ዓመት 52 ጨዋታ ያሸነፈው ሂውስተን፣ አልፐረን ሼንጉንን ከስቲቨን አዳምስ ጋር በማሰለፍ የሪባውንድ የበላይነቱን አሳይቷል። በዚህ ወር መጀመሪያ በአቡ ዳቢ የዝግጅት ጨዋታዎች ላይ የታየው ኒው ዮርክ ኒክስም ባለፈው የጥሎ ማለፍ ውድድር ካርል አንቶኒ ታውንስንና ሚቸል ሮቢንሰንን አጣምሮ ማሰለፉ ይታወሳል።

ለስፐርስ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሊጉ ሻምፒዮን ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ይህም ወጣት ቡድን ነው፤ በፊት መስመሩም ረጅምና ቀጭን የሆነው ቼት ሆልምግረን አለው። ሆልምግረን በእግር ጉዳት ምክንያት የመጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ ያልተጫወተ ሰው ነው። ክለቡ በ2024 ክረምት አይዛያ ሃርተንስታይንን በሦስት ዓመት የ87 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲያስፈርም፣ ለምን ሁለተኛ ሴንተር አስፈለገ ያሉ ነበሩ። መልሱ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ሆልምግረን በኖቬምበር 2024 ዳሌው ላይ ተሰብሮ እስከ ፌብሩዋሪ ከሜዳ ራቀ። ሃርተንስታይን ቦታውን ሸፈነ፤ ቡድኑ ማሸነፉን ሳያቋርጥ 68 ጨዋታዎችን አሸንፎ ዓመቱን ጨረሰ። ሆልምግረን ሲመለስ ሁለቱ በአንድነት ተሰልፈው፣ ኢንዲያናን በሰባት ጨዋታዎች ረትተው ዋንጫውን አነሡ።

ከዚህ የምንረዳው ሁለተኛው ረጅም ሰው ሁለት ጥቅም እንዳለው ነው። አንደኛው ሲታመም ቤቱን ይጠብቃል፤ ሁለቱም ጤነኛ ሲሆኑ ደግሞ ቤቱን ያሰፋል። እርግጥ ኮርኔት ሃርተንስታይን አይደለም፤ ክፍያቸውም ይህንኑ ይናገራል። ከሩቅ የማይወረውር ሴንተር ከዌምባንያማ ጎን ሲቆም መሐሉን ሊያጣብብ ይችላል። ስለዚህ አዲሱ አሰልጣኝ ሚች ጆንሰን ይህን ጥምረት ተጋጣሚው ቁመት ባበዛበት ጨዋታ ላይ በልክ ሊጠቀሙበት እንጂ የዘወትር አሰላለፍ ሊያደርጉት አይገባም።

የዌምባንያማ የራሱ ድርሻ

ረዳት ማግኘት የዋናውን ሰው አጨዋወትም ይለውጣል። ዌምባንያማ ባለፈው ዓመት በአማካይ 24.3 ነጥብና 11 ሪባውንድ ያስመዘገበ ሲሆን፣ ከሞከራቸው ኳሶች ግማሽ የሚጠጉት ባለ ሦስት ነጥብ ነበሩ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ከሩቅ ወርውሮ ያገባው ከመቶ 35 ያህሉን ነው። ለእንዲህ ያለ ረጅም ሰው ይህ አስደናቂ ነው፤ ለተጋጣሚው ግን እፎይታ ነው። ከቅርጫቱ በራቀ ቁጥር ጥፋት ስለማይሠራበት፣ ያገኘው ነፃ ውርወራ በጨዋታ አራት ያህል ብቻ ነበር።

ከሕመሙ ካገገመ በኋላ የክረምቱን ጊዜ ያሳለፈበት መንገድ ይህን እንደተገነዘበ ያመለክታል። በቻይና ሄናን ግዛት በሚገኘው የሻኦሊን ቤተ መቅደስ ቆይታ አድርጎ ሰውነቱን አሠልጥኗል። ወደ ሂውስተን ተጉዞም ከሃኪም ኦላጁዋን ጋር ተለማምዷል። ናይጄሪያ የተወለዱት ኦላጁዋን በ1994 እና በ1995 ሂውስተንን ለዋንጫ ያበቁ፣ በቅርጫቱ ሥር በእግር አጣጣላቸው ተወዳዳሪ ያልነበራቸው፣ በሊጉ ታሪክም 3,830 ሙከራዎችን በማክሸፍ እስከ ዛሬ ቀዳሚ የሆኑ ሰው ናቸው። ወጣቱ ወደ እሳቸው መሄዱ ወደ ቅርጫቱ ለመቅረብ ያለውን ፍላጎት ያሳያል። ይህ ግን ዋጋ አለው፤ በቅርጫቱ ሥር መጋጨትና መውደቅ ይበዛል። የኮርኔት መምጣት እዚህም ላይ ትርጉም ያገኛል። ከባዱን ግፊያ የሚካፈለው ሰው ከተገኘ፣ ዌምባንያማ ጉልበቱን ለሚያስፈልግበት ጊዜ ይቆጥባል።

ከክለቡ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ስፐርስ ይህን ትምህርት ከሌላ መበደር አያስፈልገውም። ክለቡ በታሪኩ ሦስት ጊዜ የመጀመሪያውን ምርጫ ዕድል አግኝቶ ሦስቱንም ጊዜ የወሰደው ረጅም ሰው ነው፤ በ1987 ዴቪድ ሮቢንሰንን፣ በ1997 ቲም ደንከንን፣ በ2023 ደግሞ ዌምባንያማን።

ሮቢንሰን የባሕር ኃይል አገልግሎቱን ጨርሶ በ1989 ሲሰለፍ፣ በዋዜማው ዓመት 21 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን 56 አሸነፈ። ለዓመታትም ቡድኑን ብቻውን ተሸከመ፤ ዋንጫ ግን አልመጣም። በ1996–97 በጉዳት ምክንያት ስድስት ጨዋታ ብቻ ሲጫወት፣ ከዚያ በፊት 59 ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ወደ 20 ወረደ። አንድ ሰው ሲወድቅ ቤቱ ሁሉ ወደቀ። ያ ክፉ ዓመት ግን ደንከንን አመጣ። ሁለቱ ረጃጅሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ክለቡ በ1999 የመጀመሪያውን፣ በ2003 ደግሞ ሁለተኛውን ዋንጫ አነሣ። በ2003 ሮቢንሰን በዕድሜው መጨረሻ ላይ በሻምፒዮንነት ተሰናበተ።

የዚያን ዘመን ቡድን የገነቡት አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች በመደበኛ ውድድር በ1,422 ድሎች የሊጉን ክብረ ወሰን ይዘው፣ ባለፈው ሜይ ወር የአሰልጣኝነቱን ወንበር ለሚች ጆንሰን አስረክበዋል። እሳቸው አሁን የክለቡ የቅርጫት ኳስ ጉዳዮች ፕሬዚዳንት ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ክለቡ ዋንጫ ማየት የጀመረው ሸክሙ ከአንድ ትከሻ ወርዶ ሲከፋፈል ነበር።

ምን እንጠብቅ?

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት፣ የስፐርስ የፊት መስመር ካለፈው ዓመት በእርግጠኝነት ይሻላል ማለት ይቻላል። የሴንተሩ ቦታ አሁን በጥሩ ሁኔታ ተሟልቷል፤ የፎርዋርዱ ቦታ ግን በአማራጮች ተሞላ እንጂ መፍትሔ አላገኘም። ጨዋታዎቹን የሚከታተል ተመልካች ከውጤቱ ሰሌዳ ባሻገር አራት ነገሮችን ቢያስተውል የቡድኑን ጉዞ አስቀድሞ ሊረዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ዌምባንያማ የሚሰለፍባቸው ጨዋታዎች ብዛት ነው፤ 65 ከደረሰ የግል ሽልማትም የቡድን ተስፋም አብረው ይመጣሉ። ሁለተኛው ኮርኔት ሲገባ የውጤት ልዩነቱ ምን እንደሚሆን ነው። ኮርኔት መሪነቱን እንዲያሰፋ አይጠበቅም፤ ዌምባንያማ ሲመለስ እንደተወው ካገኘው ሥራው ተሠርቷል። ሦስተኛው ዌምባንያማ ኳሱን የሚቀበልበት ቦታ ሲሆን፣ ወደ ቅርጫቱ እየቀረበ ከመጣ የነፃ ውርወራው ቁጥር ይናገራል። አራተኛው ሶሃን ከሩቅ ሲወረውር ተከላካዮች እየሮጡ ይደርሱበታል ወይስ እየሳቁ ይተዉታል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ሩቅ አይደለም። ስፐርስ የመክፈቻ ጨዋታውን ኦክቶበር 22 ቀን፣ በባሕረ ሰላጤው አቆጣጠር ሐሙስ ማለዳ፣ ወደ ዳላስ ተጉዞ ያደርጋል። ዳላስ አንቶኒ ዴቪስን፣ ዴሪክ ላይቭሊንና በ2025 ምርጫ የመጀመሪያ ሆኖ የተመረጠውን የ18 ዓመቱን ኩፐር ፍላግን የያዘ፣ በቁመቱ የሚመካ ቡድን ነው። ብዙዎች በዚያ ማለዳ የሚያዩት ዌምባንያማ ሜዳ ላይ ሲወጣ ይሆናል። ስለ ሳን አንቶኒዮ የዘንድሮ ተስፋ ማወቅ የሚፈልግ ግን፣ ወጣቱ ላቡን እየጠረገ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ዓይኑን ከሜዳው ባያነሣ ይበጀዋል።